ለሃሎዊን የሠራሁት የሬሳ ሣጥን

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ስምንት ነው። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ፓስፖርቴ ስልሳ ሦስት ይላል፤ እኔ ግን እናቴ የነገረችኝን ነው የማምነው። ፕሌኖ በምትባል የፈረንጅ ከተማ፣ ልጄ ቤት ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ጽሕፈት የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎልምሼ ነው። እጄ ከብዕር ይልቅ መላጊያ ነው የለመደው። ቢሆንም ይህን ለሌላ ሰው አውርቼ ላስጽፈው አልፈለግሁም። ነውሩ የኔ ነው፣ እኔው ልጻፈው።

ቤቱ ውስጥ አራት ነን። ልጄ ትራክ ይነዳል፤ አንዴ ከወጣ አሥር ቀንም አሥራ አምስት ቀንም ይቆያል። ምራቴ ሆስፒታል ትሠራለች፤ በሽተኛ ታነሣለች፣ ታጥባለች፣ ታገላብጣለች። የልጅ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አራተኛው እኔ ነኝ፣ ሥራ የሌለኝ። ቀኑን የማሳልፈው ጋራዥ፣ የቤቱ መኪና ማደሪያ ውስጥ ነበር። መኪናቸውን ደጅ ነው የሚያቆሙት፤ ጋራዡ ውስጥ ካርቶንና ብስክሌት ነበረ፣ እኔ ደግሞ ወንበር አስገባሁበት። በሩን ግማሽ ከፍቼ መንገዱን አያለሁ። ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ግን ቤት ውስጥ ካለው የማሽን ብርድ ይሻለኛል።

ነገሩ የጀመረው ነሐሴ ላይ ነው፣ በፍልሰታ ጾም። ልጅቷ መጥታ ከወንበሬ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና ካርቶን መቁረጥ ያዘች። ምንድነው ብላት የሃሎዊን ዕቃ ነው አለችኝ፤ የፈረንጅ ልጆች አስፈሪ ልብስ ለብሰው በየበሩ ከረሜላ የሚለምኑበት በዓል ነው። ሃሎዊን መቼ ነው? ሁለት ወር ተኩል ይቀረዋል። አሁን ካልተጀመረ አይደርስም አለች። እናቷ ከሱቅ አልገዛም ብላት ነበር፤ ቢገዛላትም አትወድ፣ በእጇ የሠራችውን ነው የምትወደው። በዚያ እንኳ እኔን ነው የመሰለች።

እውነቱን ለመናገር ሥራዋ ጥሩ ነበር። ባዶውን የወተት ጀሪካን አጥባ በጥቁር ቀለም ዓይንና አፍ ትሥልበታለች፤ ውስጡ ትንሽ መብራት ስትከትበት ሰው ያስደነግጣል። የእንቁላል ካርቶኑን ሦስት ሦስት ጉድጓድ እያደረገች ትቆርጥና ጥቁር ቀብታ የሌሊት ወፍ ታደርገዋለች። እናቷ ከሥራ ያመጣችውን ጓንት በጥጥ ሞልታ፣ ጣቶቹን አጣማ፣ የሙት እጅ አድርጋ ገመድ ላይ ሰቀለችው። እኔ ግን ዝም አላልኩም። በጾም ሰይጣን ትሠሪያለሽ ወይ አልኳት።

«ሰይጣን አይደለም አባባ። ጎስት ነው፣ የሞተ ሰው መንፈስ።»

«ልዩነቱ ምንድነው?»

«ጎስት ማንንም ምንም አያደርግም» አለችኝ።

እኔ ይህን በዓል በመቃወም ስም ነበረኝ፣ እሱን መናገር አለብኝ። ባለፈው ዓመት ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ምሳ እየበላን አንድ አባት ልጁን የአጽም ልብስ እንደገዛለት ሲያወራ ሰማሁ። ተነሣሁና ተናገርኩ። ማንም ተናገር አላለኝም። ልጁን አጽም አልብሶ ሰው በር ላይ የሚልክ ክርስቲያን ነኝ አይበል አልኩ፤ ሌላም ብዙ አልኩ። ሰውየው ሳህኑን ይዞ ወጣ። ሌሎቹ ግን እሰይ አሉኝ። በተለይ እሁድ እሁድ በመኪናው ቤተ ክርስቲያን የሚወስደኝ፣ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ አንድ ታክሲ ነጂ፣ መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የምከበር ሰው ነበርኩ። ክብሩ ደስ ይለኝ ነበር።

ልጅቷ አንድ ቀን ከቴሌቪዥን ካርቶን የሬሳ ሣጥን መሥራት ጀመረች። ደጅ አስቀምጣው፣ ክዳኑ ገርበብ ብሎ፣ ያ የጓንት እጅ ብቅ እንዲል ነው ሐሳቧ። ሠራችው፤ በማግሥቱ ሙቀቱ ማጣበቂያውን አቅልጦት ጎኑ ወደቀ። ደግማ ሠራችው። ደግሞ ወደቀ። ሦስተኛም ሠራችው። አላለቀሰችም፣ እናቷን አልጠራችም፤ ዝም ብላ ካርቶኑን ገልብጣ እንደ አዲስ ትለካለች። አለካኳ ጠማማ ነበር። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ያንን ጠማማ ማየት አቃተኝ።

ልጆቼ የሚያውቁኝ በርና አልጋ ስሠራ ነው። አገር ቤት፣ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ በነበረው ሱቄ፣ ከፊት ለፊት በርና አልጋ ነበር፤ ከኋላ ግን፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ የሬሳ ሣጥን ነበር። ሰው ጎሕ ሲቀድ የሟቹን ልክ በሲባጎ ቋጥሮ ይዞ ይመጣል፤ ምንም አልጠይቅም፣ ሲባጎውን እቀበልና እሠራለሁ። ስንት እንደ ሠራሁ አላውቅም። ልጆቼ እዚያ ኋላ እንዲገቡ አልፈቅድም ነበር። ሠራሁ ብዬም ለማንም አውርቼ አላውቅ።

ያን ሰሞን ጎረቤታችን ፈረንጁ አጥሩን አፍርሶ ሲያድስ አሮጌውን ጣውላ መንገድ ዳር ቆለለው። በእጄ ምልክት ጠየቅሁት፤ ራሱ ተሸክሞ ጋራዣችን ድረስ አመጣልኝ። ላዩ ዝናብና ፀሐይ አጥቁሮታል እንጂ ስልገው ውስጡ ቀይ ነው፣ ሽታውም የኛ አገር ጥድ ነው። ልጅቷን ካርቶንሽን ተይው አልኳት።

«ልኩን ከማን እንወስዳለን?» አለችኝ።

ከኔ አልኳት። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ፤ እሷ ወንበር ላይ ወጥታ የሲባጎውን ጫፍ አናቴ ላይ ያዘች፣ እኔ ሌላውን ጫፍ ተረከዜ ሥር ረገጥኩ። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። መጥፎ ምልክት ነው ብሎ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ ቢነግረኝም አልሰማው።

ሦስት ሳምንት ሠራሁ። ደስ ብሎኝ ነው የሠራሁት፤ ይሄም ያሳፍረኛል። ከመጣሁ ጀምሮ እጄ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቀውን ሥራ አገኘ። ከትከሻው ሰፋ፣ ከእግሩ ጠበብ፣ ማዕዘኑ ድርብ ቆረጣ፣ አንዱ ጣውላ በአንዱ የተጠላለፈ። ክዳኑ በማጠፊያ ይከፈታል። ከላይ አሮጌ ጥቁር መጋረጃ አለበስኩት። ከዚያ እጄ በልማድ ሄደና፣ ካረጀው ነጠላዬ ላይ ጥለቱን ፈትቼ ክዳኑ ላይ መስቀል አደረግሁበት። ለምን እንዳደረግሁ አልጠየቅሁም። ሣጥን ያለ መስቀል ሠርቼ አላውቅማ።

ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጥታ ዞር ዞር ብላ አየችው።

«አባባ፣ ይሄ ስፑኪ፣ የሚያስፈራ አይደለም» አለችኝ። «ይሄ ሳድ ነው፣ ያሳዝናል።»

እኔ ተናደድኩ። ሥራ አታውቂም አልኳት።

አሁን የምራቴን ነገር ልናገር። እናቷ አዲስ አበባ ነበሩ። ሰኔ ላይ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው፣ አንደበታቸውም ተያዘ። ምራቴ በፋሲካ ሄዳ ደህና ሆነው አይታቸው ነበር የተመለሰችው፤ ከታመሙ ወዲያ ፈቃድ ስላለቀባት መሄድ አልቻለችም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ እኔ ሳልመጣ፣ የአባቷን መርዶ የነገሯት በዚሁ በር ነው፤ በማለዳ ደወሉ ተደውሎ፣ ስትከፍተው ሰው ጥቁር ለብሶ ተሰልፎ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ደወል ከተደወለ ባለችበት ትቆማለች። ፖስታ የሚያመጣው ሰው እንኳ ቢሆን፣ እኔ ወይ ልጅቷ ነን የምንከፍት። ይህን ቤቱ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።

ሣጥኑን ያየችው ከሥራ እንደ መጣች፣ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ነው። በጋራዡ በር ቆመች፣ አልገባችም።

«አባባ፣ ለልጅቷ ብለው መድከምዎ ደስ ይለኛል» አለችኝ። «ግን ይሄን ነገር ከዚህ እንዳያወጡት። ጨርቅ ጣል ያድርጉበት። እኔ ላየው አልችልም።»

እሺ አልኳት። እሺ ያልኩት በአፌ ነው።

ዓርብ ዕለት እሷ ሥራ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ነበሩ። የውስጡን ቫርኒሽ ቀብቼው አልደርቅ ብሎኛል፤ ጋራዡ ውስጥ አየር የለም። ለአንድ ሰዓት ብቻ ፀሐይ ይምታው ብዬ ጎትቼ ደጅ መኪና ማቆሚያው ላይ አወጣሁት። ክዳኑን ከፍቼ አጠገቡ ቆሜ ሳለሁ ታክሲ ነጂው መጣ። ዓርብ ከኤርፖርት ሲመለስ ጎራ የማለት ልማድ ነበረው፤ እኔ ግን ረስቼዋለሁ።

መኪናውን ፓርክ አደረገና ወረደ። ሣጥኑን አየ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «የምራትዎ እናት ናቸው?»

እናቷ እንደ ታመሙ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ያውቃል፤ ስማቸውን ለጸሎት ሰጥታ ነበር። እኔ አይደለም ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ግን አይደለም ካልኩ፣ ታዲያ ምንድነው ሊለኝ ነው። ለሃሎዊን ነው ልለው ነው። ለዚያ፣ ትከሻዬን ለሳመው ሰው። በዚያ አዳራሽ ስሜ ምን እንደሚሆን ወዲያው ታየኝ። አቀረቀርኩና ዝም አልኩ።

እሱ ዝምታዬን ራሱ ፈታው። ገብቶኛል አለ፤ ሬሳው እዚያ ሆኖ እዚህ ለቅሶው ባዶ እንዳይሆን ነው፣ በኛም አገር ሰው ሩቅ ሲሞት ልብሱን ዘርግተን ነው የምናለቅስ አለኝ። የድሮ ሰው ደግ ነው ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

«እሷ አታውቅም አይደል?»

«አታውቅም» አልኩ።

ይቺ ቃል ናት። ዝምታውንስ ዝምታ ነው ብዬ ባልፈው፣ ይቺን የት አደርጋታለሁ?

«በሉ እርስዎ ምንም አይበሉ። እኛ እናመቻቻለን» ብሎ ሄደ።

ሣጥኑን መልሼ አስገባሁና ጨርቅ አለበስኩት። ማታ እደውልለታለሁ፣ እንደ ቀልድ እነግረዋለሁ አልኩ። ማታ ደወልኩ። አልተነሣም። ደግሜ አልደወልኩም። እንዲህ ያለ ነገር ለማመቻቸት ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ልጄን ሳያማክሩ አይመጡም ብዬ ተኛሁ። ኋላ እንደ ሰማሁት፣ ለልጄ መሪ ይዞ ሳለ እንዲህ ያለ ነገር አይነገረውም ብለው ለሱ ሲሉ ነው ሳይደውሉለት የቀሩት።

ቅዳሜ ጠዋት ገና በደንብ ሳይነጋ ደወሉ ተደወለ። ምራቴ ኩሽና ሻይ እያፈላች ነበር። በመስኮቱ አየች። ዘጠኝ ሰው ነበር፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ ጥቁር ኮት። እንዳልኩት፣ ባለችበት ቆመች። እኔ ወደ በሩ ስሄድ እጄን ያዘችኝ። ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር እጄን ይዛኝ አታውቅም።

«አባባ፣ አይክፈቱ» አለችኝ። «ካልገቡ አልሞተችም።»

ያኔ ልናገር አፌን ከፈትኩ። እግዜር ምስክሬ ነው ከፍቼ ነበር። ግን ሳልናገር ደወሉ ሁለተኛ ተደወለ፤ ልጅቷ ከፎቅ በፒጃማዋ ወርዳ ከፈተችው።

ገቡ። ሁለት ሴቶች ምራቴን በግራና በቀኝ ያዟት። ከመጡት አንዱ ሽማግሌ ልጄ ሆይ ብሎ ጀመረ፤ አላስጨረሰችውም። እማዬ ብላ የጮኸችውን ጩኸት አሁንም እሰማዋለሁ። ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ሴቶቹም አብረዋት ወረዱ። አልሞቱም አልኩ። ማንም አልሰማኝ። አልሞቱም አልኩ እንደገና፤ ታክሲ ነጂው ይሄ ሽማግሌ ልቡ ተነካ ብሎ ክንዴን ደግፎ ሊያስቀምጠኝ ያዘኝ። ለምን መጣችሁ፣ ማን ነገራችሁ ብላ ምራቴ ስትጮህ ከሴቶቹ አንዷ ጋሼ ሣጥኑን ሲሠሩ ታይተው ነው አለች።

ልጅቷ በሩን እንደያዘች ነበር።

«ሣጥኑ የኔ ነው» አለች። «ለሃሎዊን ነው። አባባ ነው የሠራልኝ። ማንም አልሞተም። ሶሪ።»

ሶሪ ያለችው እሷ ናት።

ታክሲ ነጂው ክንዴን ለቀቀኝ።

«ጋሼ፣ ጠይቄዎት ነበር እኮ» አለኝ።

«ጠይቀኸኛል» አልኩ። «ዋሽቼህ ነው። አፍሬ ነው የዋሸሁህ።»

ምራቴ አላመነችም። እያጽናናችሁኝ ነው አለች። ስልክ ሰጧት፤ ቁጥሩን ልጅቷ ደወለችላት። አዲስ አበባ ያለችው የምራቴ እህት አነሣች። እማዬን ስጪኝ አለቻት። እህቷ ስልኩን ከእናቲቱ አፍ ጋ አስጠጋች። እኒያ ሴት መናገር አይችሉም፤ ከጉሮሯቸው እ የምትል ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጡት። ልጅቷ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋው ስለነበር ሁላችንም ሰማን። እ አሉ። ምራቴ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ስልኩን ደረቷ ላይ አቀፈችው። የመጡት ሴቶች ያን ጊዜ ነው ከልባቸው ያለቀሱት።

ይዘውት የመጡትን ንፍሮ ይዘው ሲወጡ አንዷ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት፣ በሩ ላይ ዞር ብላ «ጋሼ፣ ቀኑ ሲደርስ ከረሜላ ለመለመን እንመጣለን፣ ባዶ እጃችንን እንዳይመልሱን» አለችኝ። አንድ ሁለቱ ሳቁ። ታክሲ ነጂው አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ቀትር ላይ ጋራዥ ገብቼ ሣጥኑን ልሰባብረው መዶሻ አነሣሁ። ልጅቷ የኔ ነው አለችኝ። አልሰበርኩትም። ማታ ልጄ ከመንገድ ደወለ፤ ሚስቱ ሁሉንም ነግራዋለች። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። «አባዬ፣ ሣጥን ትሠራ እንደነበር አላውቅም ነበር» ብቻ አለኝ።

ምራቴም አልተቆጣችኝም። ራት አቀረበችልኝ፤ እንደ ሁልጊዜው የኔን አስቀድማ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ሰዎቹን አልቀየምኳቸውም አባባ» አለችኝ። «ግን እማዬ በውነት የሄደች ቀን እነዚሁ ሰዎች ናቸው የሚመጡት። ያን ቀን አላምናቸውም። ስልክ ስጡኝ፣ ድምፅዋን አሰሙኝ ነው የምላቸው። እርስዎ ያደረጉብኝ እሱን ነው።»

 

ሳህኖቹን ስታነሣ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ወሬው ትናንት ማታ ሌላው ከተማ፣ ፎርት ዎርዝ ድረስ ደርሷል፣ ማስተባበያው ግን ለሁሉም አይደርስም፣ ነገ ከቅዳሴ በፊት የሚመጡ ይኖራሉ አለች። ያን ደወል ሌላ አንድ ጊዜ መስማት አልችልም አለች።

በማግሥቱ እሁድ፣ ሳይነጋ፣ ካፖርቴን ደርቤ ወንበሬን ከጋራዡ አውጥቼ የፖስታ ሣጥኑ ሥር፣ መኪና ከመንገዱ ወደ ቤታችን የሚታጠፍበት ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ባልና ሚስት መጡ፣ ጥቁር ለብሰው፣ ከፎርት ዎርዝ። መስኮቱን ዝቅ አድርገው እግዜር ያጥናችሁ አባቴ አሉኝ። የሞተ የለም፣ ለልጅ የሃሎዊን መጫወቻ ሣጥን ሠርቼ ስጠየቅ ዋሽቼ ነው አልኳቸው። ሴትየዋ እየሰማችኝ ወደ ባሏ ዞረች። አዙረው ሄዱ። ሁለተኛዋ መኪና አራት ሰው ይዛለች፤ ለነሱም ያንኑ ነገርኳቸው፣ አንዱ አልሰማሁም ብሎ አስደገመኝ፣ ደገምኩለት። ሦስተኛው ያ አዳራሽ ውስጥ ሳህኑን ይዞ የወጣው አባት ነበር። እስክጨርስ ሰማኝና መኪናውን አዙሮ ሄደ። ከዚያ ታክሲ ነጂው መጣ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ሳይወርድ።

«ቅዳሴ አይሄዱም?»

«ዛሬ እዚህ ሥራ አለኝ» አልኩት።

ወደ ቤቱ አየ፣ ወደኔ አየ፣ ሄደ። ፀሐይ ወጣ ስትል አንዲት ነጭ መኪና ቀስ እያለች፣ የቤቱን ቁጥር እየፈለገች፣ ወደኛ ስትታጠፍ አየሁ። ደወሉ ጋ እንዳይደርሱ ተነሣሁና መግቢያው መሃል ላይ ቆምኩ።